በጣቢያው በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው ሲያዝ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ቀን ከጣቢያ ጣቢያ ሲንከራተት ይጨርሰዋል። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አስፋልቱን ተሻግሮ የተያዘን ልጅ ሌላ ፖሊስ፣ ሌላ ፍርድ ቤት፣ ሌላ የመዝገብ ቋንቋ ይጠብቀዋል። ምሳ ዕቃ ይዞ በር ላይ የሚቆመውን ጠያቂ የሚያስታውሰው ጥቂት ስለሆነ ይህን የጻፍነው ለእሱ ነው። መጨረሻ ላይ ለጣቢያ ኃላፊዎችም አንድ ጥያቄ አለን።

«ምን አድርጎ ነው?» የሚለው ለጊዜው ይቆይ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የወሰደው የማን ፖሊስ እንደሆነ ነው። እዚህ አካባቢ የአዲስ አበባ፣ የኦሮሚያ ወይም የፌዴራል ፖሊስ ሊሆን ይችላል። ያየ ጎረቤት ካለ የደንብ ልብሱን የክንድ አርማ ያስታውስ እንደሆነ ጠይቁት። ሲቪል የለበሱ ከነበሩ ደግሞ የተያዘበትን ቦታ በትክክል ያሳያችሁ፤ ከመንገዱ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ የትኛው ሱቅ ፊት ለፊት እንደሆነ። የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ «ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ» ብሎ መነሳት አያደርስም። የክፍለ ከተማውንና የወረዳውን ስም አጣርታችሁ ሂዱ።

ጣቢያው ስትደርሱ የምታገኙት ተረኛውን ፖሊስ ነው። «አቤል እዚህ አለ ወይ?» ብትሉት «የለም» ይላችኋል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ማታ ገብቶ ሌሊት ወደ ሌላ ጣቢያ የተላለፈ ሰው እዚያ የለም፣ መዝገቡ ላይ ግን አለ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ወዲህ በዚህ ስም ተመዝግቦ የገባ አለ? ወጥቶ ከሆነስ ወዴት ተላለፈ?» ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

ስም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሰፈር በሙሉ «ማሙሽ» የሚለው ልጅ መዝገብ ላይ የሚገኘው በመታወቂያ ስሙ ነው፤ የክርስትና ስምም አይሠራም። የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የመታወቂያው ፎቶ ኮፒ ካለ ደግሞ ይበልጣል። በኮምፒውተር የሚፈልግ ጣቢያ ካጋጠማችሁ «ኃይሉ» በሌላው «ሀ» ተጽፎ ቢሆንስ ብላችሁ አሳስቡ፤ ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው። በሸገር ከተማ በኩል መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ነው የሚያዘው። «ጸጋዬ» እዚያ በ«ጠ» ድምፅ ሊጻፍ ስለሚችል ስሙን ከመናገር ይልቅ ወረቀቱን አሳዩ፣ ቋንቋውን የሚያነብ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ።

ልጁ ከተገኘ ሳትወጡ የምርመራ መዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጻፉ። የተያዘበትንም ሰዓት ጻፉ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ አይታሰብም። ከገላን ወይም ከፉሪ ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ ቀን አይፈጅም። በአዲስ አበባ ፖሊስ የተያዘ ሰው የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚጠየቅበት በከተማው ፍርድ ቤት ወይም በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ስለሆነ የትኛው እንደሆነ መርማሪውን ጠይቁ። በኦሮሚያ ፖሊስ የተያዘው ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ልደታ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅ የሰበታ ቤተሰብ ብዙ ነው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ በየችሎቱ መጨረሻ የሚነገረውን ቀን አዳምጣችሁ ጻፉ። ሰው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዛወር ማንም ላይነግራችሁ ይችላል፤ የቀጠሮው ቀን ግን በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ይቆያል። ዱካው የጠፋበት ቤተሰብ በቀጠሮው ቀን ጠዋት 2፡30 ችሎቱ በር ላይ ቢቆም በካቴና ሲገባ ያየዋል። ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ መናገር አትችሉም፤ ተጠርጣሪው ራሱ ግን «ቤተሰቤን እንዳላገኝ ተከልክያለሁ»፣ «መድኃኒቴ አልገባም» ብሎ ለዳኛው ማመልከት ይችላል። ዳኛው ትዕዛዝ ከሰጠ ግልባጩን ከመዝገብ ቤት ወስዳችሁ ለጣቢያው ስጡ። በር ላይ ከመጨቃጨቅ ይህ ይሻላል። መሠረቱም ጠንካራ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ ታሳሪውን እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አቤቱታው በቃለ መሐላ መደገፍ አለበት፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ ማን እንደሚመሰክር የሚገልጽ። ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ሊምልለት ይችላል። መጀመሪያ ቀን የጻፋችኋት ብጣሽ ወረቀት እዚህ ላይ ትፈለጋለች።

ወደ ስንቁ እንምጣ። ፈታሽ የሚጠላው ሊያየው የማይችለውን ነገር ነው። የተጠቀለለ እንጀራ ይፈታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ወጥ በማንኪያ ይማሰላል፣ «ቅመሺው» መባልም የተለመደ ነው። ስለዚህ እንጀራውን ሳትጠቀልሉ አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ መረቁ የበዛ አይሁን፣ ሥጋውም አጥንት አይኑረው። ከሁሉም ምቹው የድርቆሽ ፍርፍር ነው፤ አይፈስም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ አንዴ ሲማሰል ሁሉም ይታያል። የበርበሬና የሚጥሚጣ ዱቄት አታስገቡ፣ ዓይን ላይ ሊበተን ይችላል ተብሎ ይመለሳል። በሶም ዱቄት ስለሆነ አንዳንድ በር ላይ አያልፍም፤ በምትኩ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ጠርሙስ፣ ጣሳና የብረት ማንኪያ አይገቡም። ውስጥ የሚበላው በጋራ ስለሆነ ለአንድ ሰው ብላችሁ አንድ እንጀራ ብትልኩ የእናንተው ሰው ጦሙን ሊያድር ይችላል፤ ሦስት አድርጉት። ረቡዕና ዓርብ የጾም፣ በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያው ሰዓት በፊት የሚደርስ ይሁን፤ የስንቅ መቀበያው ሰዓት ከመግሪብ በፊት የሚዘጋበት ጣቢያ አለና።

ሳህኑ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይመለሳል። ስሙን በፕላስተር ላይ በማርከር ጽፋችሁ በክዳኑም በሳህኑም ላይ ለጥፉ፤ ክዳን ከሳህን ሲለያይ የአንዱ ሽሮ ለሌላው ይሄዳል። ባዶውን ሳህን ሳትቀበሉ ደግሞ አትመለሱ። በልቶበት የተመለሰ ሳህን ሰውየው እዚያው እንዳለ ከተረኛው ቃል በላይ ይመሰክራል። ሳህኑ እንደሞላ ከተመለሰ ወይም «ነገ ውሰዱት» ከተባላችሁ «ተዛውሯል ወይ?» ብላችሁ ወዲያው ጠይቁ።

ልብስ ቀላል ነው፤ ሁለት ቅያሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጋቢ። ገመድ ያለው ሹራብና ቀበቶ አይገባም፣ የፖሊስና የመከላከያ ልብስ የሚመስል ቀለምም ይመለሳል። መድኃኒት ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ለተረኛው ወይም ለክሊኒኩ ይሰጣል፤ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን ማንም አይቀበልም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ በመጀመሪያው ሰዓት ተናገሩ፤ የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ ያለ ፍሪጅ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ መርፌው ግን በጤና ባለሙያ እጅ መሆን ስላለበት ያ አስቀድሞ መመቻቸት አለበት።

ክስ ተመሥርቶ ዋስትና ያልተፈቀደለት ሰው በፌዴራል በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ይሄዳል፤ ሴቶች የሚሄዱበትን ግን አጣሩ። ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለበት አቅጣጫ ነው፤ ከቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ በኩል ታክሲ አለ። መጀመሪያ የሄዳችሁ ቀን ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ተመለሱ፦ የትኛው ዞን፣ የትኛው ቤት፣ የዚያ ዞን መጠየቂያ ቀን መቼ እንደሆነ። መታወቂያችሁ የታደሰ ይሁን፣ ስልክም ቤት ትታችሁ ሂዱ። ገንዘብ የምታስገቡ ከሆነ በሚመለከተው ቢሮ በደረሰኝ ብቻ ይሁን፤ «እኔ አደርስለታለሁ» ለሚል ሰው በእጅ አትስጡ። ስልክ ደውሎ «ልጃችሁን አስፈታለሁ፣ በቴሌብር ላኩ» የሚልም አይጠፋም። የዋስ ገንዘብ በዳኛ ትዕዛዝ፣ ለፍርድ ቤቱ፣ በደረሰኝ ነው የሚከፈለው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ደብዳቤን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ከምግቡ በላይ ነው። ጣቢያ ውስጥ ያለ ተጠርጣሪ መጻፊያ ከጠየቀ እንዲሰጠው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 ያዛል፤ ጠበቃው ሲያገኘው ይህን ያስታውሰው። ከውጭ የሚገባው ደብዳቤ ተነብቦ እንደሚያልፍ አውቃችሁ ጻፉት፤ ፖስታውን አትለጥፉ። ከላይ ሙሉ ስሙን፣ ዞኑንና ቤቱን፣ ቀኑን፣ ከዚያ ተራ ቁጥር አድርጉ፤ «ደብዳቤ 4» ብሎ የጀመረ ወረቀት ሲደርሰው ሦስተኛው እንደቀረ ያውቃል። አንድ ገጽ፣ በሚነበብ የእጅ ጽሕፈት ይሁን። ሰምና ወርቅ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ወርቁን ይተወው። «ዕቃውን ተቀብለናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብዳቤውን በሙሉ ያስቀረዋል፤ ለጥገና የተሰጠው ፍሪጅ ከሆነ «ፍሪጁን ከጥገና ተቀብለናል» በሉ። ስለ ክሱ፣ ስለ ምስክር፣ አብሮት ስለተያዘ ሰው ምንም አትጻፉ፤ ያ የጠበቃ ሥራ ነው። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለውም ብቻውን አያሳርፈውም። የቤት ኪራይ እስከ ታኅሣሥ መከፈሉን፣ የእድሩን መዋጮ ማን እንደሸፈነ፣ ልጅቷ የሒሳብ ፈተና ስንት እንዳመጣች ጻፉለት። ከታች ያስገባችሁትን ዝርዝር አድርጉ፤ 2 ሳሙና፣ 1 ፎጣ፣ 3 ጥንድ ካልሲ፣ አንሶ ከሆነ እንዲጠይቅ። ባዶ ወረቀት አብራችሁ ላኩ፣ ካልተላከለት መልስ የሚጽፍበት ላይኖረው ይችላል። በእንጀራ እጥፋት ውስጥ ወረቀት መደበቅ ግን ከተገኘ የሚቀጣው እሱ ነው፣ ስንቃችሁም ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይበረበራል።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው። በየጣቢያው በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ የስንቅ መቀበያ ሰዓት፣ የመጠየቂያ ቀን፣ የማይገቡ ዕቃዎች፣ ተጠርጣሪዎች የሚቀርቡበት ፍርድ ቤት፣ የተዛወረን ሰው የሚያሳውቀው ኃላፊ የቢሮ ቁጥር። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ዛሬ ይህን ሁሉ ጠያቂ የሚሰማው ተራ ከሚጠብቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው የሚነግረው ደግሞ የባለፈውን ወር ደንብ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ከጥበቃው መስኮት በስተውስጥ ይለጠፍ፤ ውጭ ግንቡ ላይ ከሆነ የሐምሌ ዝናብ አንድ ሳምንት አያቆየውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በነፃ የሕግ ምክር የሚያግዙ ሁለት አንባቢዎች፣ ከአቃቂ ቃሊቲ