ከደመናው በላይ ሃያ ደቂቃ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣
ጅማ

እንደምን ከረምክ? እግርህስ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ሁለቱን የፊት ጥርሶቹን በአንድ ሳምንት ጥሎ "ስ" ማለት አቅቶታል። ትንሿ አውሮፕላን ትስልና ከክንፉ ሥር ቢጫ ጀሪካን ታንጠለጥላለች። ምንድን ነው ስላት "አያቴ ነው የነገረኝ፣ መንገደኛ ያለ ጀሪካን አይወጣም" አለችኝ። አባዬ፣ አንተ ነህ ይህን የምትለው?

ስልክ ብታነሳ ኖሮ ደብዳቤ ውስጥ ባልገባሁ። ሁለት ሳምንት ሆነህ እኮ። ይሄን የሚያደርስልህን ልጅ "አንብብልኝ" እንዳትለው። መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው።

ያን ማክሰኞ ዝናብ እየመታህ አየር ማረፊያው በር ላይ እንደቆምክ አላወቅኩም ነበር። ማሩን በፌስታል ጠቅልለህ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳትይዝ። ከደመናው በላይ ስናልፍ ድምፃችንን ሦስት ጊዜ ሰማህ። ከዚያ እየራቀ ሄደ። ማታ ደወልክና "ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ስንት ጎርፍ የተሻገረ ሰው ልጅ፣ ደመና ፈርታ ከደጄ ተመለሰች" አልክ። ዘጋኸው። መድኃኒትህ እንኳ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በማግስቱ በአውቶብስ ላክሁት። ደርሶሃል አይደል? ነጩ ከምግብ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከላይ የሆነውን ልንገርህ።

እኛ አብራሪዎች ነዳጅ የምንቀዳው "ሙላው" ብለን አይደለም። በኪሎ ይቆጠራል። ጅማ የሚያደርሰው አለ። መንገድ ላይ ነፋሱ ቢከፋ ተብሎ ከመቶ አምስት ይጨመርበታል። ጅማ ካልሆነ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚወስደው አለ፤ የዚያን ቀን ሌላው ማረፊያችን ራሱ ቦሌ ነበር። ከሁሉም ሥር የሠላሳ ደቂቃ ነዳጅ ይቀመጣል። እሱ እንደ ዘር እህል ነው፣ አይነካም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ካፒቴኑ የልቡን ይጨምራል። ያለ ልክ ግን አይደለም። ነዳጅ ራሱ ጭነት ነው፤ እሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይነዳል። ቡና እስከ አፏ የጫነች ኤንትሬ ዳገት ላይ ምን ያህል እንደምትጠጣ ለአንተ አይነገርም።

የሐምሌን የጅማ ሰማይ ስለማውቀው ሃያ ደቂቃ ጨመርኩ። ረዳት አብራሪው "ካፒቴን፣ አልበዛም?" አለኝ። አባቴ ይጠብቀኛል አላልኩትም።

ስንደርስ ደመናው ከአጋሮ በኩል ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። የማረፊያው ታወር ዝናቡ መንደርደሪያውን እንደሸፈነው፣ ነፋሱም እየተገለባበጠ እንደሆነ ነገረን። መዞር ጀመርን። በአንዲት የደመና ቀዳዳ ጅሬንን አየኋት፣ ወዲያው ተዘጋች። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ረዳቱ የነዳጁን ቁጥር እያነበበ ይነግረኛል። ሃያው ሲሞላ አፍንጫዋን ወደ ቦሌ መለስኩ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሰማዩ ተከፈተ አሉ። አልለቅልሽ ያልከኝ ይሄኛውን መሆኑን አውቃለሁ።

"ጋምቤላ አትሄጂም ነበር?" ብለሃል ደግሞ። አባዬ፣ ትንሽ ማረፊያ ስትመርጥ መንደርደሪያውን ብቻ አይደለም የምታየው። የነዳጅ ቦቴ አለ ወይ? ቢመሽብኝ መብራት አለ ወይ? ሰዉ የት ያድራል? ገብተህ ሰማዩ ከላይህ ከተዘጋ አብረህ ተዘጋህ። በትልቁ አውሮፕላን ሲሆን ደግሞ በሩ ጋ የሚደርስ ደረጃም ላይኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ኒውዮርክ ስትመታ የአሜሪካ ሰማይ ተዘግቶ፣ ጋንደር የምትባል የካናዳ ከተማ ላይ 38 ትላልቅ አውሮፕላኖች ወረዱባት። የከተማው ሰው አሥር ሺህ ገደማ ነው፤ እንግዳው ከስድስት ሺህ በላይ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አሳደሯቸው፣ አበሏቸው። ጅማም ታደርገዋለች፣ እሱ አይጠፋኝም። ግን ሌላ አማራጭ እያለ ሰው ላይ እንግዳ አይጫንም።

ነዳጅ እንዲህ አስፈሪ መሆኑን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንተ ነው። ኅዳር 1989፣ ያ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ ባሕር ላይ የወደቀ ጊዜ። ሬዲዮኑን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ነበር። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም አላቸው፣ አልሰሙትም። ከ175 ሰው 125 አለቀ። "ሰውዬው እኮ ነግሯቸው ነበር" እያልክ እንባህን ስትጠርግ አይቻለሁ። ሰው ለምን አብራሪ ሆንሽ ሲለኝ ይሄን ነው የማወራው።

ሦስት ወር ሳይሞላው ጊቤ ላይ ያደርኩትን ግን አላወራም። አንተማ ታወራዋለህ። ቡና በተፈላ ቁጥር "ልጄ ጅብ ስትቆጥር አደረች" ብለህ ታስቃለህ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሳጃ ላይ የነዳጁ ሰልባትዮ ውስጥ እንጨት ከተህ ለካህና "ወልቂጤ ይረክሳል" ብለህ ማደያውን አለፍክ። ቁልቁለቱን በነፃ ማርሽ ወረድን። ድልድዩን ተሻገርን። ዳገቱ ላይ ኤንትሬዋ ሁለቴ ሳለችና ቆመች። "አየር ሳበች" አልክ። ረዳቱ ለቅሶ ብሎ ቀርቷል። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገህ፣ "መስኮት እንዳትከፍቺ፣ አሁን መጣሁ" ብለህ ባለፈ መኪና ሄድክ። አሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ በረሃ ሙቀት፣ እንዳትከፍቺ ስላልከኝ አልከፈትኩም። ላቤ እግሬን ከወንበሩ ላስቲክ ጋር አጣበቀው። ስንቀሳቀስ ሲላቀቅ ይጮሃል። ጅቡ የሚሰማው ስለመሰለኝ መንቀሳቀስ ተውኩ። ነጋ። በሁለት ጀሪካን መጣህና "ጎበዝ!" አልከኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅከኝም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ይሄን ከእኔ ሳትሰማ ነው የሄደችው።

ለስንት ሳንቲም ነበር፣ አባዬ?

ልወቅስህ ብዬ አልነበረም መጻፍ የጀመርኩት። ምናልባትም ነበር። ሃያ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ ያልዞርኩት ግን ዳመና ፈርቼ አይደለም። ከኋላዬ የነበሩትን ሰዎች ዳገት ላይ ማስቀመጥ ስለማልችል ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስንማር የሚነግሩን አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 1990፣ ከኮሎምቢያ የተነሳ አውሮፕላን ኒውዮርክ አጠገብ ወደቀ። አየሩ ከፍቶ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ አዙረው አቆዩት። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው፣ ቅድሚያ ስጡን አሉ። "አደጋ ላይ ነን" የምትለዋን ቃል ግን አላወጧትም። ታች ያለው ሰውም ሌላ ተራ ጠባቂ መሰሉት። 73 ሰው ሞተ። ሲወድቅ እሳት እንኳ አልተነሳም፤ ምን ይነዳል? ዛሬ ያቺን ሠላሳ ደቂቃ ሳልነካ ማረፍ እንደማልችል ካወቅኩ ሦስቴ "ሜይዴይ"፣ አደጋ ላይ ነኝ፣ እላለሁ። ያሳፍራል፣ በኋላም ብዙ ወረቀት ያስጽፋል። ግን ይባላል።

አንተ "ትንሽ ድካም ነው" ትላለህ። እግርህ ጫማ አልገባ ማለቱን የነገረችኝ ባለ ሱቋ ናት። ማታ ማታ ሦስት ትራስ ተደግፈህ ቁጭ እንዳልክ እንደምታድርም ከሷ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደህ ልብህን ታይ ካለህ አራት ወሩ። እኔ ስጠይቅህ ስለ ቡናው ዋጋ ታወራኛለህ። አንድ ጊዜ እንኳ "ልጄ፣ አልቻልኩም" በለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሥራ ነው።

ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ሰኞ ይዣለሁ። የምታድረው ልጆቹ ክፍል ነው፣ ትልቁ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ እየተለማመደ ነው። ያነሳኸውን ራጅ ፈልገው፤ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከእማዬ ነጠላ ሥር ይመስለኛል። ጨው ቀንስ። ዶሮዎቹን ለባለ ሱቋ ነግሬያታለሁ።

ልወስድህ የምመጣው ሐሙስ ነው። እንደ ተሳፋሪ ነው፣ የሚያበረው ሌላ ሰው ነው። ዝናብ ከሆነ በር ላይ እንዳትቆም፣ ቤት ጠብቀኝ። ማረፍ ካልቻልን ከቦሌ አውቶብስ ተራ ሄጄ፣ በጊቤ በኩል እመጣለሁ።

ልጅህ