«አያሰጉም» የተባሉት የትኞቹ ናቸው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ብርቅዬ የውሃ እናቶች (ድራጎንፍላይ ስለሚባሉት በራሪ ነፍሳት) ያወጣችሁትን ዘገባ አየሁ። ፎቶውንም አየሁ። ወርቅማ ሰውነት፣ ሰፋ ያለ የኋላ ክንፍ፤ ዝናብ ሲያባራ ሜዳው ላይ በመንጋ የሚያንዣብበው ነው። የሳይንስ ስሙ ፓንታላ ፍላቬሴንስ። ከአንታርክቲካ በቀር በየአህጉሩ አለ፣ የሕንድ ውቅያኖስንም ያቋርጣል። ከሥሩ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ፓስፖርት ቢኖረው ማህተም መምቻ ገጽ ያልቅበት ነበር!

ፎቶ መሳሳት ያጋጥማል፣ ለሱ ብቻ ባልጻፍኩ። ግን ጽሑፉም ፎቶውን ተከትሎ ገደል ገባ። «በየቦታው በብዛት ስለሚታዩ አያሰጉም» ይላል፤ ይጠፋሉ ብላችሁ አትስጉ ማለቱ ነው። የታየው የትኛው ነው? ፓንታላ ዝናብ ባቆረው ውሃ ይራባል፣ እጩም በሳምንታት ውስጥ አድጎ ይበራል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የእኛው የውሃ እናት፣ አቶኮኔውራ ኤቲዮፒካ፣ ግን የደጋ ጫካ ጅረት ይፈልጋል። ዳር ያለው ዛፍ ሲቆረጥ ውሃው ይሞቃል፣ ጎርፍ ያመጣው አፈርም እጮቹ የሚኖሩበትን የጅረት ወለል ይደፍነዋል። እሱ ውቅያኖስ አያቋርጥም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 6,016 የውሃ እናት ዝርያዎችን ገምግሞ 16 በመቶዎቹ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አስታውቋል። የመዘነው ዝርያ በዝርያ ነው። የአንዱን ብዛት ለሌላው አላበደረም።

ደግሞ «የአካባቢው ነዋሪ ግንዛቤ የለውም» ትላላችሁ። ማንን ጠይቃችሁ? እኔ ባሌ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳው ቀይ ቀበሮ ሊያይ ይመጣል፤ እኛ ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ የጅረቱን ድንጋይም እናያለን። ደረቅ ቅርፊት ተጣብቆ ይገኛል፤ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ እግሮቹ ድንጋዩን እንደጨበጡ ናቸው። እጩ ከውሃ ወጥቶ፣ ክንፍ አውጥቶ የሄደበት ነው። በራሪውን ማየት ብቻውን ብዙ አይነግርም፣ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ግን እዚሁ ውሃ ውስጥ ማደጉን ይመሰክራል። ይህን የምናውቀው እኛ «ግንዛቤ የሌለን» ነን። ባለፈው የመጣ አንድ አጥኚ ቦታዎቹን አሳይተነው፣ ፎቶዎቻችንን ወስዶ፣ ጽሑፉ ላይ «የአካባቢው ሰዎች» ብሎ አለፈን። እናንተ ደግሞ ይቺንም ነፈጋችሁን።

ፎቶውን ቀይሩት። ከሱ በፊት ግን «አያሰጉም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትነሳ። ማረሚያውንም ዘገባው በወጣበት ገጽ አውጡት እንጂ ከሐዘን ማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል አትሸጉጡብን።

ከባሌ፣ አንድ አስጎብኚ