መነጽሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው እኛ ዘንድ በሰነበቱ ጊዜ ልጄ እኅቱን ገፍትሮ የጣላት ቀን ትዝ ይልዎታል? እኔ ሁለቱን እጆቹን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ለቅሶው እስኪበርድለት ጠበቅኩትና እኅቱን አብረን አነሣናት። እርስዎ በዝምታ ሲመለከቱ ቆይተው ማታ ላይ «ልጅሽን እየጠላሽው ነው» አሉኝ። ጥቅሱንም ጠቀሱልኝ፦ «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል።» የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁም። የሁለት ልጆች እናት ሆኜም እርስዎ ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉ ምላሴ ይተሳሰራል። በጽሑፍ ይሻለኛል ብዬ ነው አሁን ብዕር ያነሣሁት።

ከጥቅሱ በፊት ግን አንድ የቆየ ነገር ልንገርዎ። የማንበቢያ መነጽርዎ የጠፋበት ጊዜ ነበር። እኔ 9 ዓመቴ፣ ወንድሜ ደግሞ 12 ነበርን። አባባ፣ መነጽሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከመጽሐፍ ቅዱስዎ ላይ አንሥቼ እንደ እርስዎ ላነብ አጠለቅኩት፤ ከአፍንጫዬ ተንሸራትቶ ወደቀና አንደኛው መስታወት ለሁለት ተሰነጠቀ። እግሬ ላይ የነበረውን አንድ ካልሲ አውልቄ ጠቀለልኩበት፤ ከቤቱ ጀርባ አፈሩን በእጄ ጭሬ ቀበርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠይቁን «አላየሁም» አልኩ። ወንድሜም «አላየሁም» አለ፤ የእሱ እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን የተገረፈው ግን እሱ ነው። እኔ ከበሩ በስተጀርባ ቆሜ የቀበቶውን ድምፅ እቆጥር ነበር። ሰባት። አንድ ቃል ብተነፍስ ያቆሙ ነበር፤ አልተነፈስኩም።

ካገባሁ በኋላ ለወንድሜ እያለቀስኩ ነገርኩት። «አውቅ ነበር» አለኝ። «የአንድ እግርሽ ካልሲ ጠፍቶ ስትፈልጊ አይቼሻለሁ።» ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው ደግሞ «አንቺ ትንሽ ነበርሽ» ብቻ ብሎ ዝም አለ።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ስታመም ሌሊቱን ሙሉ አቅፈውኝ ያደሩት እርስዎ ነዎት። የሚገርፉን ስለሚጠሉን እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ቀበቶው ያስተማረኝን በሐቅ ልንገርዎ፦ መጠንቀቅን አላስተማረኝም፣ መቅበርን ነው ያስተማረኝ። መቅበሩም በእርስዎ ዘንድ ብቻ አልቀረም። ካደግኩም በኋላ ስበድል ከጸሎት እርቅ ነበር፤ «ትንሽ ይለፍና፣ ቁጣው ይብረድና» እያልኩ እግዚአብሔርን ከበሩ በስተጀርባ ሆኜ አደምጥ ነበር። የአዳም ቃል የእኔም ቃል ነበር፦ «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም።» እግዚአብሔር ግን መጀመሪያ «ወዴት ነህ?» ብሎ ነው የጠራው። አዳም ከገነት መውጣቱ አልቀረለትም፤ ሳያለብሰው ግን አላስወጣውም።

አሁን ወደ ጥቅሱ ልምጣ። መጽሐፉን እንድወድ ያደረጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ከመጽሐፉ ነው የምመልስልዎ። በዚያ ቁጥር ላይ በትር የተባለው በዕብራይስጡ «ሼቬት» ነው። የእረኛው በትር፣ የንጉሡ በትረ መንግሥት፣ ነገድም ሳይቀር በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ከመተኛታችን በፊት ያስደግሙን በነበረው መዝሙር «በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» ሲል በትር የተባለው ይኸው ነው። እረኛው አውሬውን የሚከላከልበት፣ በጉንም ከገደል አፋፍ የሚመልስበት ባይሆን ኖሮ እንዴት ያጽናና ነበር? ደግሞም በዚያ ቁጥር ላይ «መምታት» የሚል ቃል በዕብራይስጡ የለም፤ በትሩን የሚከለክል ልጁን ይጠላል ነው የሚለው። «ከመምታት» የሚለው በትርጉም የመጣ ነው።

ይህ ብቻውን እንደማያረካዎ አውቃለሁ። እዚያው መጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ፣ ምዕራፍ 23 ላይ «በበትር ብትመታው አይሞትምና» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። እሱን ልጠመዝዘው አልፈልግም፤ መምታት ማለት መምታት ነው። ግን በዘጸአት 21 ላይ ጌታው ባሪያውን ስለሚመታበት በትር ሲነገር ቃሉ ያው ሼቬት ነው። ዛሬ ያን ጠቅሶ ሠራተኛውን የሚደበድብ ክርስቲያን ቢያዩ ዝም አይሉትም፤ «ክርስቶስ ከመጣ በኋላ ይህን እንዴት ታስባለህ?» ይሉታል። ለሠራተኛው የምንመልሰውን ለሕፃኑ ስንነፍገው ነው ልቤ እምቢ የሚለኝ።

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓምም ከሐሳቤ አይወጣም። 41 ዓመቱ ነበር ሲነግሥ። ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን በገርነት ተናገራቸው፣ መልካም ቃልም መልስላቸው ብለው መከሩት። እሱ ግን «አባቴ በአለንጋ ገረፋችሁ፥ እኔ ግን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» አለ፤ ዐሥሩ ነገድ በዚያው ተለዩት። ሰሎሞን ልጁን እንዴት እንዳሳደገው አልተጻፈም፣ እኔም አልጨምርበትም። ነገር ግን ስለ በትር አብዝቶ የተናገረው የዚያ ጠቢብ ልጅ፣ ሰው የሚገዛበት መንገድ ሲጠፋው አለንጋ ብቻ ትዝ ማለቱ ያሳዝነኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ «እናንተም አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው» ይላል። ለቆላስይስ ሰዎች ምክንያቱንም ነግሯቸዋል፦ «ልባቸው እንዳይዝል»። የሮም ሕግ ለአባት በልጁ ላይ የሞትና የሕይወት ሥልጣን በሰጠበት ዘመን ነው ይህ የተጻፈው። ያን ሁሉ ሥልጣን የያዘውን ሰው ስለ ሕፃኑ ልብ ተጠንቀቅ አለው። እርስዎ የሚያከብሩት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምር፣ ማስፈራራቱን ባይከለክልም ልጁን ዱላ አታስለምደው፣ ከለመደው ይንቀዋል ብሏል።

«ታዲያ ዝም ብለሽ ልትለቂው ነው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይደለም አባባ። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን አልከለከላቸውም ተብሎ ተወቅሷል፤ የእሱን መንገድ አልፈልገውም። ልጄን እከለክለዋለሁ፣ እጁን እይዛለሁ፣ ያበላሸውን እንዲያስተካክል አደርጋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያደክማል። በቀደም ላፕቶፔ ላይ ውሃ ደፋበት። እያለቀሰ ሮጦ መጣና «እማዬ ቶሎ ነይ፣ ውሃ ደፋሁበት!» አለኝ። ፈጥኖ ስለነገረኝ ወዲያው አጥፍቼ ገለበጥኩት፤ እሱም ጨርቅ አምጥቶ አብሮኝ አደረቀ፤ ተረፈልን። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ካየ ሳልነግረው ራሱ ያነሣል። እኔ ግን በሐሳቤ የቀረው ሌላ ነው፦ እያለቀሰ የሮጠው ወደ እኔ ነው። እኔ በ9 ዓመቴ ወደ ቤቱ ጀርባ ነበር የሮጥኩት።

ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልዎም። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ ተናድጄ፣ በጥፊ መትቼዋለሁ። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም አቀፈኝ። በማግስቱ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ ላወርድ እጄን ሳነሣ ግን ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አንዲት ጥፊ ናት ያን ያደረገችው። እጄን አየር ላይ እንደ ሰቀልኩ ቀረሁ።

«በፍቅር ፍርሃት የለም፥ ነገር ግን ፍርሃት ቅጣት አለውና ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል።» ይህን የዮሐንስን መልእክት ስንት ጊዜ አብረን አነበብነው! ቅጣትና ፍርሃት ተያይዘው እንደሚኖሩ ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። ልጄ ስለ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሚማረው ከእኔ ፊትና ከእኔ እጅ ነው። ከእኔ ከተሸሸገ ከእሱም መሸሸግን ይማራል፤ እኔ ከዚያ ለመውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አውቀዋለሁ።

ኢሳይያስ 53 ላይ «የደኅንነታችንም ተግሣጽ በእርሱ ላይ ነበረ» የሚል አለ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ወንድሜ ይመጣብኛል። እያወቀ ዝም ብሎ ተገረፈልኝ፤ አንድም ቀን አላስከፈለኝም። ከብዙ ስብከት ይልቅ የክርስቶስን ነገር የገለጠልኝ እሱ ነው፣ ገና በ12 ዓመቱ።

እርስዎ አሁን ከልጄ ጋር ሲጫወቱ አያለሁ። ጫማውን ሲያስሩለት ጎንበስ ብለው ቀስ ይላሉ፣ ሲሳሳት «ደግመህ ሞክር» ይሉታል። ያ እጅ የአባቴ እጅ መሆኑን አምኜ ለመቀበል አንዳንዴ ይከብደኛል፤ ደስ ብሎኝም አለቅሳለሁ። እኛ ዘንድ ሲመጡ በዚያው እጅ እንዲቀጥሉ ነው የምለምንዎ። ሲያጠፋ እኔ አለሁ፤ ጊዜ ይስጡኝ።

ሌላም ልመና አለኝ። ወንድሜ አዘውትሮ እንደማይደውልልዎ፣ ሲደውልም ስለ ጤናዎ ጠይቆ ቶሎ እንደሚዘጋ ነግረውኛል። እኔ ስለ መነጽሩ ለእርስዎ እንደምጽፍ አስፈቅጄዋለሁ። «ተይው፣ አርጅቷል» አለኝ፤ አጥብቄ ስለምነው ግን «እንደፈለግሽ» አለኝና ድምፁ ተቀየረ። ይህን ደብዳቤ እንደጨረሱ እርስዎ ይደውሉለት አባባ። እሱ እስኪጀምር አይጠብቁ። የመነጽሩን ነገር እርስዎ ያንሡለት።

የምትወድዎ ልጅዎ