ለልጄ፦ ካንዴላው፣ የዘጌ ቡናና ያንቺ ጥያቄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እናትሽ ገበያ ወጥታለች። እኔ ጀልባዋን ዳር አስሬ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። ቤንዚን ስለጠፋ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ባለፈው ስትደውዪ "አባዬ፣ አካውንቲንጉን ልተወው መሰለኝ፣ ኤአይ ሊበላው ነው" አልሽኝ። እኔም "ዝም ብለሽ ተማሪ" ብዬ ዘጋሁት። መልስ አልነበረም፤ ማታ ስተኛ ቆጨኝ። አሁን በማውቀው በኩል ልሞክር። የማውቀው ደግሞ ጀልባና ሞተር ነው።

ባለፈው ወር ሞተሩ አልነሳም አለ። ካንዴላው ነው፣ ያ ብልጭታ እየሰጠ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው። ጣት ለማታህል ዕቃ ባሕር ዳርን ሁለት ቀን ዞርኩላት። በመጨረሻ ያገኘሁበት ሱቅ የጠራልኝ ዋጋ ድሮ ሦስት የምገዛበት ነው። "ምነው?" ስለው "ዶላር" አለኝ። እውነቱን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ወር ሳይሞላ ከ100 አለፈ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድሩን ያጸደቀውም በዚያው ቀን ነው፤ ከፊት የትኛው መጣ የሚለውን አንቺው ፍረጂ። እኔ ዶላር በእጄ የማውቀው ቱሪስት ጉርሻ ሲሰጠኝ ብቻ ነው። ሞተሬ ግን ዶላር ይበላል።

ሰውዬው "ቀይ ባሕርም አለ" ብሎ ጨመረልኝ። እዚህ ላይ ጠረጠርኩት። ኅዳር 2016 የየመኖቹ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ መርከቦች የስዊዝን ቦይ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው አውሮፓ መግባት ጀመሩ፣ ይሄ እውነት ነው። የእኔ ካንዴላ ግን የመጣችው ከጃፓን ነው! ካርታውን በስልኬ አውጥቼ አየሁት፤ ከእስያ ለሚመጣ መርከብ የጅቡቲ ወደብ ወደ ቀይ ባሕር ከሚያስገባው ከባብ ኤል መንደብ በፊት ነው የሚገኘው። እርግጥ አካባቢው ሲታመስ የመርከብ ኢንሹራንሱም ኪራዩም ይጨምራል። ግን ስንት ጨመረ? እሱ አይነግረኝም፣ እኔም የምቆጥርበት የለኝ። ትንሽ እውነት ያለበት ሰበብ ደግሞ ከውሸት ይብሳል፣ መከራከሪያ ያሳጣል።

ዘጌን ታውቂዋለሽ፣ ስንት ጊዜ ወስጄሻለሁ። እዚያ በሬ አይጠመድም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ሥርዓት ነው ይላሉ። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናና ጌሾ ይሸጣል፣ እህሉን ከገበያ ይገዛል። እናንተ ክፍል ውስጥ የምትማሩትን ንግድ እነሱ በታንኳ ሲያመላልሱት ነው የኖሩት። ችግሩ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው። በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ፣ ፓውንድ ማለት እንግዲህ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለምን? ብራዚልን ድርቅ መታት። የዓለምን ቡና ሲሶ ያህል የምታመርተው እሷ ናት፣ እዚያ ዝናብ ሲጠፋ እዚህ ነጋዴው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ስልኩን ያያል። በጀልባዬ የተሳፈሩት ሴቶች ሲሄዱ እየሳቁ ነበር። ሲመለሱ አኩርፈው መጡ፤ በቡናው ያገኙትን ጤፉ ወስዶት።

ማዳበሪያው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ዩሪያ የሚሠራው በብዛት ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ ጋዙ ተሰቀለ፣ ማዳበሪያውም ተከተለ፣ የፎገራና የደምቢያ ገበሬ በማያውቀው ጦርነት ከፈለ። ያ በውድ የተገዛ ማዳበሪያ ክረምት ላይ በጎርፍ እየታጠበ ጣና ይገባል፣ እምቦጭ የሚባለውን አረም ይቀልባል፣ እምቦጩ መጥቶ ፕሮፔለሬ ላይ ይጠመጠማል፣ እኔም በቢላ ስቆራርጥ እውላለሁ። የእምቦጭ አገሩ የት መሰለሽ? አማዞን! ቡናን ለዓለም የሰጠነው እኛ፣ በቡና የከበረችው ብራዚል፣ ከዚያ ሰፈር ለኛ የደረሰን እምቦጭ። ሳቂ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያስጎበኘውን ልጅ ታስታውሺዋለሽ፣ ያ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚፈሰው። በቀደም ሁለት ፈረንጆች ይዘን ሄድን። ሥዕሎቹን በስልክ ያነሳሉ፣ ያንን ኤአይ፣ ቻትጂፒቲ የሚሉትን፣ ይጠይቃሉ፣ ስልኩ በራሳቸው ቋንቋ ይተርክላቸዋል። ልጁ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። አንዴ ስልኩ የአንዱን ቅዱስ ስም ተሳሳተና ልጁ አረማቸው፣ ደስ አላቸው፣ አመሰገኑት። ስንመለስ ግን ከሚጠይቀው ግማሹን ሰጡት። ተቀበለ፣ ምን ያድርግ።

ሥራው አልጠፋም ልጄ። ዋጋው ነው የወረደው። አንቺ ሥራ አጥ መሆንን ትፈሪያለሽ፣ እኔ የምፈራልሽ እንደዚያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ በግማሽ ዋጋ መመለስን ነው። ደረሰኝ መልቀሙንና መዝገብ መሙላቱን ማሽኑ ይወስደዋል፣ አልዋሽሽም። ግን የካንዴላዬ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስንቱ የዶላር፣ ስንቱ የመርከብ፣ ስንቱ የባለሱቁ ትርፍ እንደሆነ ለያይቶ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ እኔ ራሴ እከፍለው ነበር። እዚህ ዳር ያሉት ባለጀልባዎችም ያዋጡ ነበር። ኮስት አካውንቲንግ የሚባል፣ ወጪን እንዲህ ለያይቶ የሚያሰላ ትምህርት ከበደኝ ብለሽኝ አልነበር? እንግዲህ የከበደሽን እሱን አትልቀቂው። ሌላውን እንደፈለግሽ።

እናትሽ አሁን ደረሰች። ሽንኩርት ጨምሯል እያለች ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ለፋሲካ ስትመጪ ከሶማሌ ተራ ሁለት ካንዴላ ግዢልኝ። ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ገንዘቡን በቴሌብር። ተከራክረሽ ግዢ። ሰውዬው ቀይ ባሕር ካለሽ ካርታውን አውጥተሽ አሳዪው።

አባትሽ