ስለ ማጫወቻው

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስልክሽን ዶርም ትተሽ ላይብረሪ የምትይዢው ሙዚቃ ማጫወቻ ልትገዢ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ስልክ እንደሆነ አንድ ዘፈን ልስማ ብለሽ ከፍተሽው ቲክቶክ ላይ ያስመሽሻል። አፕል አይፖድ የሚባለውን ማጫወቻውን በ2001 ጀምሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ቢያቆምም የሙዚቃ ማጫወቻ ከገበያ አልጠፋም። ሶኒ ዛሬም ዎክማን የሚባለውን ማጫወቻ ይሠራል፣ የቻይናዎቹም አሉ። ውዱ ግን አያስፈልግሽም።

ከገንዘብሽ ብዙውን ለማዳመጫው አድርጊው። ሱቅ ስትሄጂ የበገና መዝሙር ጭነሽ ሂጂ። በገና 10 አውታር አለው። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ደህና ማዳመጫ ላይ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማሻል፤ መናኛው ላይ ሁሉም ተደባልቆ ጉምጉምታ ይሆናል። እዚያው ቆመሽ ሳትሰሚ እንዳትከፍዪ።

በአማርኛ ስም የተጻፈ ፋይልም ክፈቺ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ፊደላችንን አያውቁትም፣ የዘፈኑ ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ሳያዩ የሚጫን ቁልፍ ያለው ይሁን፤ የማዳመጫ ቀዳዳም ይኑረው። ሬዲዮ ካለው ደግሞ አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ነው፣ ያለ ገመድ ጥርት ብሎ አይዝልሽም።

ሜሞሪው ላይ ተጠንቀቂ! 256 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አለ፤ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጻፈበትን ያህል እንዲያሳይ ተደርጎ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ስትሞዪው ከእውነተኛው መጠን በላይ የገባው ይበላሻል ወይም ይጠፋል። እንደገዛሽ ጥግ ድረስ ሙዪውና መጨረሻ የገቡትን ዘፈኖች አጫውቺ። ካልሠሩ በማግስቱ መልሺው። ደግሞም ይህን ያህል ቦታ ምን ያደርግልሻል? በሰከንድ በ320 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲበዛ ጥራቱ ከፍ ይላል) የተቀዳ የ5 ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋ ገደማ ነው፤ 32 ጊጋ ከ2,000 በላይ ይይዛል። በ128 ኪሎቢት የተቀዳውን ወደ 320 ቀይረንልሻል ቢሉሽ አትቀበዪ። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

ጆሮሽን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዲሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በጣም ያንሳል። ታክሲ ውስጥ ጫጫታውን ለመብለጥ ድምፅ አትጨምሪ፤ ጆሮ ውስጥ ገጥሞ የሚቀመጥ ማዳመጫ ከያዝሽ ዝቅ አድርገሽም ይሰማሻል።

እናትሽ የድሮ ካሴቶቿን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣለች። ማጫወቻውን እንደገዛሽ ደውይልኝና የጥላሁንን እና የአስናቀችን በፍላሽ እልክልሻለሁ።

አባትሽ