ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ድሬዳዋ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በአንድ ክሊኒክ ደሟን ተመርምራ «ኒውትሮፊልሽ ዝቅ ብሏል» (ኒውትሮፊል ኢንፌክሽንን የሚዋጋ የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት ነው) ከተባለች በኋላ፣ አንዳችም ሕመም ሳይሰማት ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። ይህን የምጽፈው ጉዳዩ የእርሷ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ብዙ አፍሪካውያን በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኘውን የዳፊን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረ መል ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት አላቸው። ልዩነቱ የሚገኘው የፕሮቲኑ አሠራር በተጻፈበት ክፍል ሳይሆን ዘረ መሉን በሚያበራው ክፍል ላይ ሲሆን፣ ቲ የተባለው የዘረ መል ፊደል በሲ ሲተካ ዘረ መሉን የሚያበራው ጋታ-1 የተባለው ፕሮቲን የሚያርፍበትን ቦታ ያጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1995 ታውቋል። በዚህ ምክንያት ዘረ መሉ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ መሥራቱን ያቆማል፣ በደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ላይ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ይኸው ለውጥ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት በእጅጉ ይከላከላል (ምንም እንኳ በአገራችን የዳፊ ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ ቢታይም)። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች በደማቸው የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት ብቻ ለኢንፌክሽን ይበልጥ አይጋለጡም።

በውጤት ወረቀት ላይ የሚታተመው መደበኛ ልክ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዝርያ ሰዎች የተወሰደ ነው። በሌላ ምክንያት የሚከሰት የኒውትሮፊል ማነስ በጥንቃቄ መመርመር እንዳለበት አምናለሁ፤ ቢሆንም የድሬዳዋና የሐረር ላቦራቶሪዎች ይህን ማብራሪያ በውጤቱ ግርጌ እንዲያሰፍሩ፣ ሐኪሞችም ከማስደንገጣቸው በፊት የቀድሞ ውጤቶችን እንዲያስተያዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ