ደብዳቤ ለልጄ፦ ባሕሩ ዳር ላለው ቤት ከመፈረምሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

የላክሻቸውን ፎቶዎች ከእናትሽ ጋር ተቀምጠን አየናቸው። እሷ ከበረንዳው የሚታየውን ባሕር ወዳዋለች፤ እኔ ደግሞ እያጎላሁ ያየሁት በረንዳውን ከሥሩ ነው። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ ደላላው «እስከ ዓርብ ካልወሰንሽ ሌላ ገዢ አለ» እንዳለሽ ጽፈሻል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ ቃል ናት። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባባ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ የተጻፈ ከሆነ ግን ቤቱን ስታዪ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።

ሌላው ገዢ በእርግጥም ሊኖር ይችላል። ካለ ይግዛው።

ስለ ደላላው ጥሩ ጥሩውን ነው የነገርሽኝ፤ ትሁት ነው፣ ስልክ ያነሳል፣ ተወልዶ ያደገበትን ከተማ አብጠርጥሮ ያውቃል። አምንሻለሁ። ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን ከሁሉ አስቀድመሽ ለማን እንደሚሠራ ጠይቂው። በብዙ አገር ቤቱን የሚያሻሽጠው ሰው የቆመው ለሻጩ ነው፤ ኮሚሽኑም የሚታሰብለት ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ነው። ለገዢ ብቻ የሚቆም ወኪል መቅጠር የሚቻልባቸው ቦታዎችም አሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪው። ለሻጩ የሚሠራ ከሆነ ክፋት የለውም፤ ብቻ እስከ ስንት መክፈል እንደምትችዪ፣ ቤቱን ምን ያህል እንደወደድሽው፣ የኪራይ ውልሽ መቼ እንደሚያልቅ አትንገሪው። አንዴ ከነገርሽው መልሰሽ አትወስጂውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሒሳብ አለ። ኮሚሽኑ ከመቶ ሁለት ነው እንበል። አንቺ ተከራክረሽ ዋጋውን መቶ ሺህ ብታስወርጂ ሻጩ መቶ ሺህ ያጣል፤ ደላላው የሚጎድልበት ሁለት ሺህ ብቻ ነው። ሽያጩ ከፈረሰ ግን ድካሙ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ በዋጋ ያን ያህል አይሟገትሽም፤ እንዲያውም ሻጩን «ትንሽ ቀንስላት» ብሎ ሊለምንልሽ ይችላል። የሚሟገትሽ በጊዜ ነው። ዋጋ ቀንስ ስትዪው ፈገግ ብሎ፣ የቤቱን ጤንነት የሚያይ መርማሪ ላስገባ ስትዪው ፊቱ ከጨለመ ነገሩ ይገባሻል።

እሱን ግን አትሽሺው። ከተማውን አንቺ በዓመት የማታውቂውን ያህል ያውቃል፤ የሚያውቀውን ማውጣት የአንቺ ፋንታ ነው። «ውሃ ይገባል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «አይገባም» ለማለት ትንፋሽ አይፈጅም። «ባለፈው ማዕበል ጊዜ የትኛው መንገድ ተዘጋ? መኪኖች በየት ዞረው አለፉ?» በዪው። ቤቱ ለሽያጭ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው፣ ተስማምቶ መጨረሻ ላይ የተወ ገዢ እንደነበረ፣ ለምን እንደተወም ጠይቂ። በዚያ መንገድ ላይ ዓመቱን ሙሉ መብራት የሚበራባቸው ቤቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለዕረፍተኛ በቀን የሚከራዩት ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ እየሄዳችሁ በጣቱ ያሳይሽ። ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች በኋላ በስልክ መልእክት ድገሚያቸው። ፊት ለፊት «ምንም ችግር የለበትም» ያለ ሰው ሲጽፍ «እኔ እስከማውቀው ድረስ» የምትል ሐረግ ይጨምርበታል። ያቺን ጭማሪ ያየሽበት ቦታ ላይ ቆፍሪ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ዕድሜዬን ከአርማታና ከፌሮ ጋር ስለጨረስኩ ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ደህና የተሠራ አርማታ በውስጡ ያለውን ፌሮ ከዝገት ይጠብቀዋል። ሲሚንቶው በተፈጥሮው ብረቱን በቀጭን መከላከያ ሽፋን ይሸፍነዋል። የባሕር ነፋስ ግን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ዓመታት ወስዶም ቢሆን ፌሮው ጋ ይደርሳል። ሲደርስ ያንን ሽፋን ይበላዋል። እርጥበትና አየር ካለ ዝገቱ ይጀምራል፤ ዝገት ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። አርማታ ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ከውስጥ ሲገፉት ግን አቅም የለውም፤ ይሰነጠቃል፣ ኋላም እየተቀረፈ ይወድቃል። ከውጭ በሚታይበት ጊዜ ከውስጥ ብዙ ሄዷል።

ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግሽም። ከበረንዳው ሥር ቁሚና ቀና በዪ። ፌሮውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ የሚወርድ ቡናማ እድፍ፣ ያበጠ ልስን ካለ ልብ በዪ። ትንሽ መዶሻ ይዘሽ ሂጂና በቀስታ አንኳኪ፤ ጤነኛው አርማታ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ግን ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ምሰሶዎቹን ከእግራቸው፣ ደረጃውን ከሆዱ፣ የጣሪያውን ጠርዝ በባሕሩ በኩል እዪ። ሁሉም አሮጌ ሆኖ አንድ ምሰሶ ብቻ አዲስ የተለሰነና የተቀባ ከሆነ ሻጩ ለውበት ብሎ እንዳላደረገው ገምቺ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ በበረንዳው ጫፍ ሥር የጣት ውፍረት ያላት ቡናማ መስመር ትታየኛለች። የውሃ እድፍም ልትሆን ትችላለች፣ ዝገትም፤ ከፎቶ አይለይም። መርማሪው መጀመሪያ እንዲያያት የምፈልገው እሷን ነው።

የበር ማጠፊያውን፣ የመስኮት ብሎኖቹን፣ ውጭ የተሰቀለውን የኤር ኮንዲሽነር ሳጥንም አትለፊ። እነዚህ ትንንሽ ብረቶች ስንት ጨው እዚያ ቤት ላይ እንደሚያርፍ ይነግሩሻል። ሻጩ «የማይዝግ ብረት ነው» ካለሽ ቁጥሩን ጠይቂ፤ ለባሕር ዳር የሚመረጠው 316 የሚባለው ነው፣ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን ይበልጥ ይችላል። የተለመደው 304 ውሎ አድሮ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። ጨው ከሁሉ የሚበዛው ውሃው አፋፍ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባሽ ቁጥር ቶሎ ይቀንሳል። እኔ ብሆን ባሕሩን ከአልጋዬ ከማየው ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ያለ ቤት ገዝቼ በእግሬ እየሄድኩ ብጠግበው እመርጣለሁ። አንቺ ግን እናትሽን ነው የወጣሽው።

በአማራጭ የላክሽው አፓርታማ የባሰ ጥያቄ አለበት፤ እዚያ የምትገዢው ክፍልሽን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶችሽን ስምምነትም ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሰርፍሳይድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የሚባል ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው ወለል በታች ውሃ መከላከያው ከሽፎ አርማታውን ክፉኛ እየጎዳው እንደሆነ ጽፎ አስጠንቅቋል። ጥገናው ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ነዋሪዎቹ ሲነጋገሩበት ቆዩ፤ ዋናው የአርማታ ጥገና ሳይጀመር ሕንፃው ቀደማቸው። ሁሉንም ጨው አመጣው አልልሽም፤ መርማሪዎች ከመጀመሪያው የዲዛይን ጉድለትም አግኝተውበታል። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ይህ ነው፦ የነዋሪዎቹን ማኅበር የቅርብ ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የመሐንዲስ ሪፖርትና የጥገና መጠባበቂያ ሒሳብ ሳታዪ አፓርታማ እንዳትገዢ። ወርኃዊ መዋጮው በጣም ትንሽ ከሆነ ደስ አይበልሽ፤ ሥራው ሳይሠራ ቆይቶ ዕዳው ሊተላለፍልሽ ይችላል።

ወደ ውሃው ስመጣ፣ ደላላው «እዚህ የሚሰጋው የመቶ ዓመት ጎርፍ ብቻ ነው» ካለሽ እንዳትዘናጊ። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። የ30 ዓመት ብድር ከፍለሽ እስክትጨርሺ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ይሆናል፤ ከአራት አንድ በላይ። ይህም ባሕሩ ባለበት ከቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ወለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ደግሞ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የጨመረው። ትንሽ ይመስላል፤ ሜዳ በሆነ ዳርቻ ላይ ግን ማዕበል የሚደርስበትን ቦታ ይለውጣል።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ባሕሩ ከሌላው ቀን ይበልጥ ስለሚሞላ በዚያ ሰሞን፣ ውሃው ከፍ በሚልበት ሰዓት መንገዱን ሄደሽ እዪው። የጎርፍ መውረጃው ቱቦ ወደ ባሕር የሚፈስ ከሆነ ዝናብ ሳይጥል እንኳ ውሃው በቱቦው ተመልሶ አስፋልት ላይ ሊወጣ ይችላል። የባሕር መከላከያ ግንብ ካለም ማን እንደሚጠግነው ጠይቂ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው ወይስ ባለቤቶቹ?

ኢንሹራንሱን ከቀብድ በፊት ጨርሺ። በብዙ ቦታ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። የዋጋ ማቅረቢያውን በእጅሽ ያዢና ከወር ክፍያሽ ጋር ደምሪው። ኢንሹራንስ የሚሰጥ ከጠፋ ባንኩም ወደ ኋላ ይላል፤ አንድ ቀን መሸጥ ስትፈልጊም ገዢሽ የሚገጥመው ያው ችግር ነው።

ከተማውን ያየሽው ዕረፍተኛ በሞላበት ሰሞን ነው። ሰው ሲበተን ተመልሰሽ ሂጂ፤ የትኛው ሱቅ እንደሚዘጋ፣ ሐኪም ቤቱ ማታ ክፍት መሆኑን፣ ነፋሱ እንቅልፍ የሚሰጥ መሆኑን ያኔ ታውቂዋለሽ። ከዋና ከተማ የራቀ ቦታ ዋጋው የሚረክሰው ያለ ነገር አይደለም። ከተማው በወደብ፣ በዓሣ ወይም በዕረፍተኛ ብቻ የሚኖር ከሆነ ያ ነገር ሲዳከም ቤትሽን የሚገዛ ሰው ለማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል። እዚያ ለመኖር ካሰብሽ ይህ ብዙ አያስጨንቅሽም፤ በሁለት ዓመት ሸጬ አተርፋለሁ ካልሽ ግን ተዪው።

ባሕሩን የሚያሳይሽ ባዶ መሬት የማን እንደሆነ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድበትም ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቂ። በአብዛኛው ቦታ ዕይታ አብሮ አይሸጥም።

ወረቀቱን ጠበቃሽ ያየዋል፤ የባለቤትነቱን ማስረጃ፣ ዕዳና እገዳውን፣ ወሰኑን። እኔ የምጨምረው አንድ ብቻ ነው። ገንዘቡን የምታስገቢበት የባንክ ሒሳብ በኢሜይል «ተቀይሯል» ከተባልሽ አትላኪ። አጭበርባሪዎች የኢሜይል ልውውጥ ሰብረው ገብተው ልክ ክፍያው ሲደርስ የራሳቸውን ቁጥር ይልካሉ። ከዚህ በፊት በምታውቂው ስልክ ደውለሽ ቁጥሩን በቃል አረጋግጪ፤ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም።

ለደላላው «መርማሪው አይቶ ሪፖርቱን እስኪሰጠኝ አልፈርምም» ብለሽ ዛሬውኑ ጻፊለት። መርማሪውን ራስሽ ፈልጊ፤ እሱ የጠቆመሽን አትያዢ። ሪፖርቱ ሲደርስሽ ሳታሳጥሪ ከነፎቶው ላኪልኝ፤ የበረንዳዋን ገጽ አስቀድሚልኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ እሷ የምትጠይቀው የእንግዳ ክፍል አለው ወይ ብቻ ነው።

አባትሽ